የላይኛው ትሪ

ጥር 4 ቀን 2017

አቶ ብርሃኑ እሺ አሉ! የአዲሱ አዳራሽ ባለቤት፣ ሰው ሲያናግራቸው ስልካቸውን የሚያዩት አቶ ብርሃኑ፣ ዛሬ ቀና ብለው አዩኝና እሺ አሉ። እስከ ቅበላ ድረስ በአዳራሻቸው ሦስት ሠርግ አለ። ለሦስቱም እንግዳው ገብቶ እንደተቀመጠ፣ ዋናው ምግብ ሳይደርስ የሚቀርበውን የእኔን ቆርኪ አቀርባለሁ። ሦስቱ በደህና ካለፉ ከፋሲካ በኋላ የአዳራሹ ወጥ ቤት የእኔ ነው። ቁልፉን በጣታቸው እያዞሩ ነው የነገሩኝ፤ ዓይኔን ከቁልፉ ማንሳት አቃተኝ።

ቆርኪ ብለው የሰየሙት የሰፈር ልጆች ናቸው፤ የጠርሙስ ቆርኪ ስለሚያህል። አሠራሩ ቀላል ነው፤ ቀላል መሆኑን ግን ለማንም አልናገርም። ስስ ሊጥ። በጨርቅ ተጨምቆ ውኃው የወጣለት አይብ። ትንሽ ኮሰረት፣ እንቁላል። ከላይ ለብ ባለ ውኃ ለስልሶ የተወቀጠ ቋንጣ። ከዚያ እሳት። የእኛ አይብ እንደ ፈረንጅ አይብ አይቀልጥም፤ ውኃ ካለበት ሊጡን ያበሰብሰዋል፣ ከልክ በላይ ከደረቀ ደግሞ አሸዋ ይሆናል። ሁሉም ነገር ያለው በሁለቱ መካከል ነው። የምግብ ሳይንስ ተምሬ፣ በማዕረግ ተመርቄ፣ በየቢሮው በር የተለጠፈ ስም ሳነብ ሁለት ክረምት አለፈብኝ። ስሜን አንድም ቀን አላነበብኩም። አሁን የራሴን በር እከፍታለሁ።

እማዬ «ጥሬ ሥጋ እያለ ሰው ይህን ፍርፋሪ ይበላል?» አለችኝ።

«ጥሬው እስኪቆረጥ ይበላዋል።»

«እሱስ እውነትሽን ነው። እስኪቆረጥማ ሰው ሥራ ሲፈታ ያማል። አፉን ያዢልን» አለች። ብዙ ሳቅን።

ጥር 9

ቸኩያለሁ። የመሞከሪያው አይብ ከገጠር፣ ከገሳይ መጣ። አጎቴ ይሻው በኮባ ጠቅልለው በአይሱዙ ላኩልኝ። መንገዱ ትናንት ዝግ ነበር፤ ዛሬ ተከፈተ፤ ነገ አይታወቅም። ቋንጣው በቂ ነው። ለገና ጎረቤት ሆነን በቅርጫ የገዛነው በሬ ነው፤ ያረዱትም ይሻው ራሳቸው ናቸው።

መብራት የለም። ስንት ለፍቼ የገዛኋት የኤሌክትሪክ ምድጃ የእማዬ የነጠላ ማስቀመጫ ሆናለች። እንደ በፊቱ በጓደኛዬ በሀናን አባት ዳቦ ቤት እጋግራለሁ። የእንጨት ፉርኖ መብራት አይለምንም።

ዓርብ ስለሆነ መቅመስ አልችልም። ጨው በግምት።

ጥር 17

ቀኑን ሙሉ ከሀናን ጋር። ዘጠነኛ ክፍል አንድ ዴስክ ላይ ከተቀመጥንበት ቀን ጀምሮ ለእኔ ከእህት አታንስም። ነገ ሁለት ድግስ ገጥሞብናል፤ የእኔ የመጀመሪያው የአዳራሽ ሠርግ፣ የሷ ደግሞ የአክስቷ ልጅ የዙበይዳ ኒካህ። ቆርኪውን አስተምሬያት እሷም ለኒካሁ ትሠራለች። በእርግጥ በራሳቸው ሥጋ።

እኛ ስንሠራ ሥርዓት አለን። ማንም አላስተማረንም። የእኔ ቢላዋ፣ የእኔ ሙቀጫ፣ የእኔ ትሪ፤ የሷ ቢላዋ፣ የሷ ሙቀጫ፣ የሷ ትሪ። ፉርኖው ውስጥ ሁለት ደረጃ ያለው የብረት መደርደሪያ አለ። እንጨት እንዳይባክን ሁለቱንም በአንድ እሳት አስገባን፤ የእኔን ከላይ፣ የሷን ከታች። ሀናን በመካከሉ ንጹሕ ቆርቆሮ አጋደመችበት። «ያንቺ እኔ ላይ እንዳይንጠባጠብ ነው፤ ኋላ ዙበይዳን ክርስትና አነሳሻት ይሉሻል» አለች። ሁለታችንም ከሳቅ ብዛት ዱቄት ሳልን።

አንዳችን የሌላችንን ሥጋ አንቀምስም። ለመቀማመሻ ሥጋ የሌለበት፣ አይብ ብቻ የሆነ ለየብቻ እንጋግራለን። «ጨው ጨምሪ» አለችኝ። ጨመርኩ። ልክ ነበረች።

እጮኛዬ ታምራት ባጃጁን በር ላይ አቁሞ ገባ። ዱቄት ጆንያ ላይ ተቀምጦ፣ ትኩስ ዳቦ እየገመጠ ሲያየን ቆየ። «ሁለት መንግሥት በአንድ ምድጃ!» አለ። ትሪዎቼን አዳራሽ ድረስ እሱ አደረሰልኝ። ሌላ ማንም አልነበረም፤ የሀናን አባት ጋሼ ኢድሪስ እንኳ መስጊድ ነበሩ። ዳቦ ቤቱ የእኛ ብቻ ሆኖ መዋሉ ደስ ይል ነበር።

ጥር 18

አለቀ! አንድ ፍሬ አልተረፈም። አንድ ሽማግሌ በመዳፋቸው ይዘው ካገላበጡት በኋላ «ልጄ፣ ቆርኪውን ከበላሁት ጠርሙሱን በምን ልከድነው ነው?» ሲሉ ጠረጴዛው ሁሉ ሳቀ። ከዚያ አምስት በሉ። አቶ ብርሃኑ ከሩቅ አውራ ጣታቸውን አሳዩኝ።

እግሬ አብጧል። ነገ እጽፋለሁ።

ጥር 21

አልጻፍኩም፤ ተኝቼ ነበር።

ዛሬ ጾም ስለሆነ ሥራ የለኝም። የታምራት እናት እትዬ ጽጌ ዘንድ ሄጄ ምስር ስለቅምላቸው ዋልኩ። ሚያዝያ መጨረሻ ሠርጋችን ስለሆነ መቀራረብ አለብኝ። ድንገት «ዳቦ ቤት ትውያለሽ አሉ» አሉኝ።

«ማን አለ?»

«ሰው ነዋ።»

«እጋግራለሁ እንጂ አልውልም።»

ምስሩን በጣታቸው እየገፉ «እኔስ ያንን ነገርሽን አልቀመስኩም፤ ተመስገን» አሉ። ተመስገን ለምን እንዳሉ አልገባኝም። ጨጓራቸውን ያማቸዋል። እሱ ይሆናል።

ጥር 23

ተናድጄ ነው የምጽፈው። ፊደሉ አይነበብም።

ወፍጮ ቤት ተራ ስጠብቅ ሁለት ሴቶች ከጀርባዬ ያወራሉ። እኔ መሆኔን አላወቁም።

«አዳራሽ ቆርኪ በልተሻል?»

«ሦስት በላሁ። ምነው?»

«የእስላም ሥጋ ነው አሉ እኮ!»

«በስመ አብ! ማን አየ?»

«የታየ ነገር ነው። ሁለቱን ትሪ ባንድ እሳት ነው የምትከተው። የሷን ከላይ፣ የነሱን ከታች። በመካከሉ ቆርቆሮ ጣል አድርገውበት።»

«ቆርቆሮ ደግሞ ምን ያግዳል!»

ብድግ አልኩ። «ትብለጥ እኔ ነኝ! ፊቴ ላይ ንገሩኝ!» አልኩ። አንዷ ጆንያዋን አቀፈች። ሌላይቱ «እኛ ምን አልን፤ የተባለ ነው» አለች። «የነሱን ሥጋ እንኳን ላበላችሁ በአጠገቤም አላሳልፍ! ይቀፈኛል!» ብዬ ጮህኩ። ወፍጮው በዚያው ቅጽበት ቆሞ ስለነበር ድምፄ መንገድ ድረስ ተሰማ። ጥሩ። ይሰማ።

አንድ ነገር ግን እየዞረ ይመጣብኛል። በበር ያለፈ ሰው ትሪ ሊያይ ይችላል። ቆርቆሮውን ከየት ያያል? ለታምራት ደውዬ ነገርኩት። ወሬ ሊለውጥ ሞከረና «ደብረ ታቦር እኮ ነው፤ ምን የማይታወቅ ነገር አለ» አለኝ። ደክሞታል፤ ቤንዚን ፍለጋ ሲሰለፍ ነው የዋለው።

ይህን ያስወራችው ሠርግ የምትደግሰው የላይ ሰፈሯ ሴትዮ ናት። እርግጠኛ ነኝ። እንጀራዋን የነጠቅኳት መስሏታል።

ጥር 25

ሁለተኛው ሠርግ። ሳህኑ እንደ ሙዳየ ምጽዋት ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ዞረ። የሚጨምር የለም፣ የሚያነሳም የለም። አንዱ ሰውዬ «ጾመኛ ነኝ» አለኝ። በእሑድ ቀን! ጥሬ ሥጋ ለመቁረጥ ቢላዋ በእጁ ይዞ!

ሁሉም ተመለሰ። እንዳለ። አንዱን በጠረጴዛቸው ፊት ቆሜ በላሁ። ሁለተኛውን በላሁ። ሦስተኛው አንቆኝ ውኃ ስፈልግ የሙሽራዋ አክስት ብርጭቆዋን ወደ ራሷ ሳብ አደረገች። ቸኩላ ነው። አላየችኝም ይሆናል።

አይ። አይታኛለች።

ጥር 28

አቶ ብርሃኑ «ያረደውን ሰው አምጪና ነገሩ ይዘጋ» ብለውኝ ነበር። አጎቴ ይሻው መኪና ስላልነበረ ከገሳይ ግማሹን መንገድ በእግራቸው መጡ። አዳራሹ ውስጥ አቶ ብርሃኑ፣ የሦስተኛዋ ሙሽራ አባት ጋሽ ደምሴ፣ ሌሎች ሁለት ሽማግሌዎች ተቀምጠዋል። ይሻው ቆብ አወለቁ።

«በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ ብዬ በዚች እጄ አርጄዋለሁ። ቅርጫውን አብሮ የተካፈለው ጎረቤት ሁሉ ምስክር ነው» አሉና እጃቸውን ዘረጉ። ሽማግሌዎቹ እጁን አዩት። እጅ ምን ይላል?

ጋሽ ደምሴ «ሥጋው የኛ ነው። አምነናል» አሉ። ትንፋሼ መለስ አለ። «እሳቱስ?» አሉ ቀጥለው።

«እሳት ምን ሃይማኖት አለው ጋሼ?» አልኳቸው።

«እሳቱስ የለውም። ጢሱ፣ ጮማው፣ ትሪው…»

«ከዚያው ፉርኖ የወጣ ዳቦ ዛሬ ጠዋት አልበሉም?»

«ዳቦ ዳቦ ነው» አሉ። ሌሎቹም «ዳቦማ ዳቦ ነው» አሉ። አንዱን በር ስዘጋ ሌላ በር ይከፍታሉ፤ ደግሞ ክፋት የለባቸውም፤ እየሳቁ፣ ልጄ እያሉ ነው። በክፋት ቢሆን እጣላ ነበር። ልጄ የሚልን ሰው እንዴት ይጣሉታል?

አቶ ብርሃኑ በመጨረሻ «ሦስተኛው ሠርግ የካቲት 9 ነው። እስከዚያ ወሬው ከበረደ ሥሪ» አሉኝ። ይበርዳል። ወሬ ሲሰለች ይበርዳል። ዝም ማለት ብቻ ነው ያለብኝ፤ እሱን ደግሞ አልችልበትም።

ይሻው ሲሄዱ «አይቡን ልቀጥል ወይስ ላቁም?» አሉኝ። «ይቀጥሉ» አልኳቸው።

የካቲት 1

ጋሼ ኢድሪስ በር ላይ ቆመው ጠበቁኝ። ወደ ውስጥ አላስገቡኝም። ከኋላቸው መደርደሪያው ላይ ረፋድ ላይ ሊያልቅ ይገባው የነበረ ዳቦ ተደርድሯል።

«ልጄ፣ አንቺ ልጄ ነሽ» አሉ። ይህን ቃል ከዚህ በኋላ መስማት አልፈልግም። «ለትንሽ ጊዜ ብትቀሪ ምን ይመስልሻል? ለሁለታችንም ነው። ሰው ዳቦውንም መፍራት ጀምሯል።»

«እርስዎ ምን አጠፉ?»

«እኔም እሱን ነው የምጠይቀው» አሉና ፈገግ ለማለት ሞከሩ።

ሀናን ከውስጥ ሊጥ ትደበድባለች። ድምፁን እሰማ ነበር። ቀና አላለችም። ሥራ በዝቶባት ነው።

የካቲት 3

ጾመ ነነዌ ገባ። ሦስት ቀን። ለወሬው መብረድ ጥሩ ነው፤ ሰው ሥጋ ካልበላ ሥጋ አያወራም።

እማዬ ከቤተ ክርስቲያን አትወጣም። ጠዋት ሄዳ ከሰዓት ትመለሳለች። ታናግረኛለች ግን ፊቴን አታይም። ጉልበቷን በቅባት ስታሽ አየኋት።

መብራት ለአንድ ሰዓት መጥቶ ነበር። ምድጃዋን ሞከርኳት። ለሦስተኛው ሠርግ መብራት ቢኖር በገዛ ቤቴ፣ በገዛ እሳቴ እጋግራለሁ። ማን ምን ይላል?

የካቲት 6

ቀስ ብዬ ልጻፈው። ካልጻፍኩት አላምነውም።

ዛሬ ረፋድ ላይ ሞጣ ሰፈር አይብ የሚጨመቅበት ጨርቅ ገዝቼ ስመለስ በራችን ተከፍቶ፣ ጎረቤት አጥር ላይ ተንጠልጥሎ አየሁ። የንስሐ አባታችን አባ አዳነ መስቀልና ጠበል ይዘው ከክፍል ክፍል ይረጫሉ። እማዬ ነጠላዋን አደግድጋ ከኋላቸው ትከተላለች። ድስቱን ረጩ። ሙቀጫዬን ረጩ። ትሪዎቼን ረጩ። የእኔ የሆነ ዕቃ አንድም አልቀረ።

አባ ሲወጡ «እማዬ ምን አድርገሽ ነው?» አልኳት።

«ንስሐ ገባሁ።»

«ለምኑ?»

«ለተባለው።»

«ያልሠራነውን!»

«አልሠራነውም፤ አውቃለሁ። ቢሆንም ሰው የፈራው ሳንነጻ ብንቀርስ ብሎ ነው። እንግዲህ ነጽተናል። ከነጻን ማን ምን ይላል? የአዳራሹን ሠርግሽን ትሠሪያለሽ።» ልጅ ገበያ ልኮ እንደሚጠብቅ ሰው፣ ደስ እንዲለኝ ጠበቀች።

«እማዬ፣ ንስሐ የሚገባው የበደለ ነው እኮ! አመንሽላቸው እኮ!»

«ባልበድልስ? ስግደት ማንን ጎድቶ ያውቃል?»

የተማርኩት ሁሉ፣ ያነበብኩት ሁሉ፣ ለዚህች አንዲት ጥያቄ መልስ አልሆነኝም። እስከ ምሽት ሠርግ የበላው ሰው ሁሉ አባ አዳነ ደጅ ተሰልፎ ነበር አሉ። ትናንት የተጠራጠረው ዛሬ እርግጠኛ ሆነ። «እናቷ እንኳ አመነች» ይላሉ። ጎረቤት ሁለት ጊዜ ሲለው ሰምቻለሁ።

ቀኖናዋ ስግደት ነው። ለወራት፣ በየቀኑ። በዚያ ጉልበት። ስንት እንደሆነ ነግራኛለች፤ ቁጥሩን አልጽፈውም።

ጮህኩባት። «የኔ ስም ስምሽ ነው ወይ አንስተሽ የምትሰጪው?» አልኳት። ቁጭ ብላ ሰማችኝ። ስጨርስ «ምሳ በልተሻል?» አለችኝ።

የካቲት 7

አቶ ብርሃኑ። «እህቴ፣ እኔ ምንም የለኝም። ሽማግሌዎቹን አሳምኜልሽ ነበር። እናትሽ ንስሐ ገብተው ከመጡ በኋላ ግን ምን ልበል?»

«እናቴ ከፍርሃት ነው።»

«ንጹሕ ሰው ምን ያስፈራዋል?» ይህን ሲሉ ስልካቸውን እያዩ ነበር።

ሦስተኛውን ሠርግ ለላይ ሰፈሯ ሴትዮ ሰጥተዋል። ወጥ ቤቱንም። ቁልፉ ጠረጴዛው ላይ አልነበረም። ሴትዮዋ ከወጥ ቤት ወጥታ አየችኝና «እኔ የለሁበትም፤ ማርያምን» አለች። ሳልጠይቃት። ደግሞ አመንኳት፤ ከሁሉም የባሰው ይህ ነው። እሷ ካልሆነች…

ዛሬ ይብቃኝ።

የካቲት 10

ትናንት ሠርጉ ተደገሰ። መኪኖቹ ጥሩንባ እየነፉ በቤታችን በኩል አለፉ።

ዛሬ አባ አዳነ ዘንድ ሄድኩ። መስቀል ተሳለምኩና ቆሜ ተናገርኩ።

«አባ፣ እናቴ የገባችው ንስሐ ባልሠራነው ነው። ይህን ለሰው ይንገሩልኝ።»

«ምን እንዳለችኝ ማን ነገረሽ?»

«እሷው።»

«እሷ ትናገር። እኔ በንስሐ የሰማሁትን አልናገርም። ውሸት ነው ብልም፣ እውነት ነው ብልም ተናገርኩ ማለት ነው።»

«ታዲያ እኔ በማን ልናገር? እኔን ማን ይሰማኛል?»

መስቀላቸውን ከእጅ ወደ እጅ አዘዋወሩና ስለ ቀኖናዋ ብቻ ነገሩኝ። «ስትመጣ እውነት ነው ወይ ብዬ አልጠየቅኋትም። አለቀሰች፤ ጉልበትሽ አይችልም፣ ጸሎት ይበቃሻል አልኳት። እምቢ አለች። ስግደቱን የጠየቀችው ራሷ ናት። የሷን ድርሻ ብቻ ሰጠኋት። የልጄንም ጨምሩልኝ አለችኝ።»

«የኔን?»

«ያንቺን። እሷ አትመጣም፣ ኩሩ ናት፣ እኔ እሰግድላታለሁ አለች። መጥተሽ ድርሻሽን ብትወስጂ የሷ በግማሽ ይቀላል።»

እኔ ላልሠራሁት አልሰግድም አልኳቸው። አንዲት እንኳ። ከሰገድኩ የተባለውን ሁሉ በገዛ ግንባሬ ፈረምኩ ማለት ነው። አባ አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

የካቲት 12

እማዬ ስትሰግድ ጓዳ ሆኜ ይሰማኛል። መጀመሪያ የነጠላዋ ድምፅ። ከዚያ ጉልበቷ። ከዚያ መዳፏ። ከዚያ ረጅም ዝምታ፤ ከመነሣቷ በፊት።

ጆሮዬን በትራስ ያዝኩ። እንዲህ ያደረገችኝ እሷ ናት። እንዲህ ያደረግኳት እኔ ነኝ። ሁለቱም እውነት ነው፤ ሁለቱም አያነሳትም።

የካቲት 13

ታምራት መጥቶ ነበር። ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጠ። እናቱ ሠርጉን ለመጪው ዓመት እናድርገው ብለዋል። «ነገሩ እስኪረሳ ነው» አለ።

«አንተስ ምን አልክ?»

«እናቴ ናት። ሁሉን ነገር ነው የማወራት፤ ታውቂያለሽ።» ይህን ብሎ ቀይ ሆነ። ጆሮው ድረስ።

ያን ቀን ስለ ቆርቆሮው ለማን እንደነገረ አልጠየቅሁትም። ብጠይቀው ይነግረኛል። ውሸት አይችልም። ለዚህ ነው ያልጠየቅሁት።

ባጃጁ ሲነሳ ሻዩ አልተነካም ነበር።

የካቲት 16 – ቅበላ

ከተማው ሁሉ ሥጋ ይሸታል። ነገ ዐቢይ ጾም ይገባል፤ ሰው ለሁለት ወር የሚበቃውን ዛሬ ይበላል። ቋንጣዬ ይቆይልኛል። አይቡ አይቆይም። አጎቴ ይሻው እንዳልኳቸው ልከዋል፤ ያን ሁሉ።

ከሰዓት ሀናን መጣች። በፊት ለፊት በር፣ ጎረቤት እያየ፣ ቀስ ብላ። ዳቦ ቤት የቀረ ትሪዬን አጥባ ነው ያመጣችው። ልቅፋት ብድግ አልኩ፤ ትሪውን በመካከላችን አድርጋ ሰጠችኝ።

«ዳቦው እንዴት ነው?» አልኳት።

«መመለስ ጀምረዋል። ዳቦ ዳቦ ነው አይደል?» አለች። አልሳቀችም። «የኛም ጾም በዚሁ ሳምንት ነው። የሳምቡሳ ሥራ ይዘናል።»

«ሀኒ፣ ያን ቀን ቀና ብለሽ እንኳ አላየሽኝም። አንድ ቃል ብትይልኝ ምን ነበረበት?»

«ለማን ልበል? ትሪሽን አልነካሁም ብዬ ብምል ማን ያምነኛል?» ነጠላ ጫማዋን አየች። «ደግሞ አንቺ ስትምይ ሰምቼሻለሁ።»

«የት?»

«ወፍጮ ቤት። ከመንገዱ ማዶ ነበርኩ። ይቀፈኛል አልሽ።»

ያን ቀን ማታ ጥሩ፣ ይሰማ ብዬ እዚሁ ጽፌአለሁ፤ አሁን ገልጬ አየሁት።

«ተናድጄ ነው» አልኳት።

«አውቃለሁ። ስትናደጂ ውሸት አትናገሪም እኮ። ይህን ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ አውቃለሁ።»

«እውነት አይደለም! እውነት እንዳልሆነ ታውቂያለሽ!»

«አሁን እኔ እሺ ልበል?» አለችኝ። «ሰው ሁሉ ልጄ ልጄ እያለ እሺ እንዳለሽ?» እማዬ ከጓዳ «ሀናንዬ፣ ግቢ እንጂ! ምነው ቆማችሁ?» ስትል «ቸኩያለሁ እትዬ አልማዝ፤ እንኳን አደረስዎ» ብላ ሄደች።

ጨው እንኳ አላስቀመስኳትም። አይቡን ከእማዬ ጋር እንዲሁ በላነው፤ ያለ ሊጥ፣ ያለ ቋንጣ፣ በማንኪያ። የተረፈውን ለጎረቤት አንሰጥም፤ ማን ይቀበለናል? አጥር ጥግ ጉድጓድ ቆፍሬ ደፋሁት።

የካቲት 17

ጠዋት የሥጋ ድስት ሁሉ በአመድ ተፈግፍጎ ወደ ቆጥ ወጣ። ትሪዎቼም አብረው ወጡ። ቤቱ ባዶ ባዶ ሸተተ።

ቅዳሜና እሑድ ስለማይሰገድ የእማዬ ጉልበት ሁለት ቀን አርፎ ነበር። ዛሬ ጀመረች። እኔ ጓዳ ሆኜ ሽሮ እየለካሁ፣ እንደ ሁልጊዜው ላለመስማት እየሞከርኩ። ነጠላው። ጉልበቱ። መዳፉ። ዝምታው።

ዝምታው አላበቃም።

ወጣሁ። ግንባሯን መሬት አስደግፋ ቀርታለች። ያመማት መሰለኝና ሮጥኩ። አላመማትም። መነሣት አቅቷት፣ ማንም ሳያያት ጉልበቷ እስኪታዘዝ እየጠበቀች ነው። ቀና ሳትል «ሂጂ፣ ሽሮው ይደፋብሻል» አለችኝ።

«ተነሺ። በቃሽ። አባም ይበቃታል ብለዋል።»

«የኔን ጨርሻለሁ። ይህ ያንቺ ነው።»

«የኔ የለም እማዬ! የኔ የሚባል የለም! አልሠራሁም!»

«እሺ። የለም» አለች፤ ሕፃን እንደምታባብል። መዳፏን አደላደለችና ደግማ ለመነሣት ሞከረች። እስከ ግማሽ ተነሥታ ተመለሰች።

በብብቷ ገብቼ አነሳኋት። ቆመች። ነጠላዋን አስተካከለች። እኔን ሳታይ እንደገና ወደ መሬት ጎንበስ ስትል እጇን አልለቀቅኩም፤ እጇን ካልለቀቅኩ ደግሞ አብሬያት ከመውረድ ሌላ መንገድ አልነበረኝም። ወረድኩ። ጉልበቴ ቀዝቃዛውን መሬት ነካ፤ ግንባሬም ነካ። አብረን ተነሣን። ምንም አላለችኝም። እንደገና ወረድን። በእኔ ተደግፋ ስትነሣ ቀለላት፤ ትንፋሿ ረጅም ሆነ። እኔ አልጸለይኩም። ይህን እጽፋለሁ፤ ማንም ባያነበውም እጽፋለሁ፦ ንስሐ አልገባሁም፣ ምንም አላመንኩም፣ ያነሳሁት እናቴን ነው።

በራችን ክፍት ነበር። ውኃ የምትቀዳ ጎረቤት ቆማ አየችን፤ ጄሪካኗን አስቀምጣ አማተበች። እንደምትናገር አውቃለሁ። እስከ ማታ ከተማው ሁሉ ይሰማል፤ ልጅቱም አመነች ይባላል። ተነሥቼ በሩን መዝጋት ነበረብኝ። እጇን መልቀቅ አልቻልኩም።

ፀሐይዋ ደጃፉን አልፋ እግራችን ሥር ስትደርስ እማዬ ቆም አለች። ፊቷን ጠራረገችና ለመጀመሪያ ጊዜ በቀጥታ አየችኝ።

«ስንት ደረስን?»

«እኔ አልቆጠርኩም እማዬ። አንቺ የምትቆጥሪ መስሎኝ።»

«አንቺ ስትመጪብኝ ጠፋብኝ እኮ» አለች። ትንሽ አሰበች። ጉልበቷን አሸት አሸት አደረገችና እጇን ዘረጋችልኝ።

«በይ እንግዲያው ከመጀመሪያው።»